ፀጉረ ሻካራዋ ጥንቸል እና ባለቀይ አበባው ባሕር ዛፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች የሚመለከቱት ሁለት ዝርያዎችን ነው። አንደኛዋ በሂማላያ ተራሮች ግርጌ በሚገኘው ረጅም ሣር ውስጥ የምትኖረውና በሳይንሳዊ ስሟ ካፕሮላጉስ ሂስፒዱስ የምትባለው ፀጉረ ሻካራ ጥንቸል ናት። ሁለተኛው በምዕራብ አውስትራሊያ ደቡባዊ ጠረፍ የሚበቅለውና ኮሪምቢያ ፊሲፎሊያ የተባለው ባለቀይ አበባ ባሕር ዛፍ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ጥንቸልን ከዛፍ ጋር ማወዳደር ምን ፋይዳ አለው?

የእንስሳትና የዕፅዋት የዘር ግንድ የተለያየው ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በፊት ስለሆነ፣ በአካል አሠራር ላይ የሚመሠረት ንጽጽር ብዙም አያራምድም። ንጽጽሩ ቁም ነገር የሚኖረው ጥያቄው ሲጠብ ነው፦ በተፈጥሮ የሚገኙበት ስፍራ ጠባብ የሆነ ሁለት ዝርያዎች ዕጣቸው ይህን ያህል ለምን ተለያየ? ዛፉ ከትውልድ ስፍራው ወጥቶ በብዙ አገሮች ጎዳናዎችና መናፈሻዎች ሲተከል፣ ጥንቸሏ ግን ቀድሞ ከነበራት መኖሪያ ላይ በየጊዜው እየተገፋች በጥቂት የሣር ቁራጮች ብቻ ቀርታለች። እዚህ የሚቀርቡት መልሶች የሚያጠነጥኑበት ሐሳብም አንድ ነው። የስፍራ ጥበት ብቻውን ዝርያን አያጠፋም፤ ወሳኙ ያ ጠባብ ስፍራ በየዓመቱ ምን ይደረግበታል የሚለው ነው።

ፀጉረ ሻካራዋ ጥንቸል ምን ትመስላለች?

ወደ 2.5 ኪሎ ግራም የምትመዝን፣ ጥቁር ቡናማ ቀለም ያላት እንስሳ ናት። ስያሜዋን ያገኘችው ከላይኛው ፀጉሯ ነው፤ ይህ ፀጉር ረጅም፣ ጠንካራና እንደ ብሩሽ የቆመ ሲሆን ከሥሩ ደግሞ አጭርና ለስላሳ ሌላ ፀጉር አለ። ጥንቸል ሲባል በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው ረጅም ጆሮ እርሷ ዘንድ የለም፤ ጆሮዋ ከ7 ሴንቲ ሜትር ብዙም የማይበልጥ አጭርና ሰፊ ነው። የኋላ እግሮቿም ከፊተኞቹ እምብዛም አይረዝሙም።

ይህ ሁሉ ከአኗኗሯ ጋር የተሳሰረ ነው። ሌፑስ በሚባለው ወገን ውስጥ የሚመደቡት ወደ ሠላሳ የሚሆኑ የሜዳ ጥንቸሎች በገላጣ ስፍራ ይኖራሉ፤ ጠላታቸውን ከሩቅ ሰምተው በፍጥነት ሮጠው ስለሚያመልጡ ረጅም ጆሮና ረጅም የኋላ እግር ያስፈልጋቸዋል። ፀጉረ ሻካራዋ ጥንቸል ግን ከሰው ቁመት በሚበልጥ ጥቅጥቅ ያለ ሣር ውስጥ ስለምትኖር፣ የሚያድናት ሩጫ ሳይሆን መሸሸግ ነው። ለሳይንስ ያስተዋወቃት የመጀመሪያው ጽሑፍ በ1839 ሲወጣ ከእነዚሁ የሜዳ ጥንቸሎች ጋር ተመድባ ነበር። በ1845 ኤድዋርድ ብላይዝ ለብቻዋ ካፕሮላጉስ የተባለ ወገን ሰጣት፤ በዚህ ወገን ውስጥ ዛሬም በሕይወት ያለችው እርሷ ብቻ ናት። ስለዚህ እርሷ ብትጠፋ የሚጠፋው አንድ ዝርያ ብቻ ሳይሆን አንድ ወገን በሙሉ ነው። የሌፑስ ዘመዶቿ አንዱ ቢጠፋ ጉዳቱ ቀላል አይሆንም፤ ሆኖም ቢያንስ የቅርብ ወንድሞች ይተርፋሉ።

የምትኖረው የት ነው?

ቀድሞ መኖሪያዋ ከሕንድ ኡታር ፕራዴሽ ግዛት ተነሥቶ በደቡባዊ ኔፓልና በሰሜናዊ ምዕራብ ቤንጋል አልፎ እስከ አሳም የሚዘልቅ፣ ወደ ደቡብም እስከ ዛሬዋ ባንግላዴሽ የሚደርስ ሰፊ ቀበቶ ነበር። ቀበቶው ተራይ ተብሎ የሚጠራው ከተራራው ግርጌ ያለው ረግረጋማና ሣራማ ሜዳ ነው። ዛሬ የቀሩት ቁራጮች አብዛኞቹ በጥብቅ ስፍራዎች ውስጥ ይገኛሉ፤ ከነዚህም መካከል በሕንድ ማናስና ዱድዋ፣ በኔፓል ሹክላፋንታ፣ ባርዲያና ቺትዋን፣ በቡታን ደግሞ ሮያል ማናስ ይጠቀሳሉ።

በ1960ዎቹ ዓመታት ጠፍታለች ተብሎ ተሠግቶ ነበር። በ1971 በአሳም ባርናዲ አካባቢ አንዲት በሕይወት ስትያዝ ነገሩ ተለወጠ፤ በ1980ም ባርናዲ ለእርሷና በዚያው ሣር ውስጥ ለሚኖረው ድንክ የዱር አሳማ ተብሎ የዱር እንስሳት መጠለያ ሆነ። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በቀይ መዝገቡ «ለመጥፋት የተቃረበ» በሚለው እርከን ያሰፈራት ሲሆን፣ የዱር እንስሳት ንግድን የሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነትም በመጀመሪያው አባሪው አካትቷታል። በሕንድ የ1972 የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ ደግሞ ከፍተኛው ጥበቃ ይደረግላታል።

ባለቀይ አበባው ዛፍ እውነት ባሕር ዛፍ ነው?

በሰፊው አነጋገር አዎን። ፈርዲናንድ ፎን ሙለር በ1860 ለሳይንስ ሲያስተዋውቀው ዩካሊፕተስ ፊሲፎሊያ ብሎት ነበር፤ የስሙ ሁለተኛ ክፍል ቅጠሉ የበለስ ቅጠል መምሰሉን ያመለክታል። በ1995 ኬን ሂልና ሎውሪ ጆንሰን የተባሉ የአውስትራሊያ የዕፅዋት ሊቃውንት ከመቶ በላይ ዝርያዎችን ከዩካሊፕተስ ለይተው ኮሪምቢያ በተባለ አዲስ ወገን ሲያሰፍሩ ይህ ዛፍም አብሮ ተሻገረ። ሁሉም አልተስማማም፤ ኢያን ብሩከር በ2000 ባወጣው ምደባ መልሶ በዩካሊፕተስ ሥር አጠቃልሎታል። በችግኝ ጣቢያዎች ሁለቱም ስሞች እስካሁን ጎን ለጎን የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። ለተራ ተመልካች ልዩነቱ ብዙ ትርጉም የለውም፤ ችግኝ የሚገዛ ሰው ግን ሁለቱ ስሞች አንድ ዛፍ መሆናቸውን ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ዛፉ ከዘመዶቹ ጋር ሲተያይ አጭር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቁመቱ ወደ 10 ሜትር ይሆናል፤ ቅርፊቱ ሻካራና ግንዱን ብቻ ሳይሆን ቅርንጫፎቹንም የሚሸፍን ነው። በተፈጥሮ የሚበቅለው ዋልፖል በምትባለው ከተማ አካባቢና በአቅራቢያው ባሉ ጥቂት ቦታዎች፣ ለምነቱ ዝቅተኛ በሆነ አሸዋማ አፈር ላይ ነው። አገሩን በካርታ ላይ የሚፈልግ ሰው ከአህጉሩ ደቡብ ምዕራባዊ ጥግ ላይ ትንሽ ነጥብ ያገኛል።

ቀይ የሆነው የአበባው ክፍል የትኛው ነው?

መልካበባ አይደለም። የዚህ ዛፍ እምቡጥ ላዩ ላይ ትንሽ ክዳን አለው፤ ለመፍካት ሲደርስ ክዳኑ ዙሪያውን ተሰንጥቆ ይወድቃል፤ ከሥሩ ተጣጥፈው የቆዩት የአበባ ዱቄት ተሸካሚ ቀጭን ክሮችም በመቶዎች ሆነው ይዘረጋሉ። ከሩቅ ቀይ የሚታየው የእነዚህ ክሮች ቀለም ሲሆን፣ በክሮቹ ጫፍ ላይ ያሉት ጥቃቅን የዱቄት ከረጢቶች በቅርብ ሲታዩ ጠቆር ይላሉ። እምቡጦቹ በሰባት በሰባት ሆነው በቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ስለሚወጡ ዛፉ ሲያብብ አበባው ከቅጠሉ በላይ ተነጥፎ ይታያል። ጊዜው በደቡብ ንፍቀ ክበብ በጋ ነው፤ ከዲሴምበር ገደማ ጀምሮ እስከ ሜይ ሊዘልቅ ይችላል። በጎድጓዳው መካከል የሚጠራቀመው ወለላ ወፎችንና ነፍሳትን ይስባል።

ቀለሙ ሁልጊዜ ቀይ አይደለም፤ ብርቱካናማ፣ ሮዝና ነጭ የሚያብቡም አሉ። ከቀይ ዛፍ የተለቀመ ዘር ቀይ አበባ እንደሚሰጥ ዋስትና የለም፤ ዘሩ ተዘርቶ ዓመታት ከተጠበቀ በኋላ ሮዝ ሆኖ የሚወጣበት ጊዜ አለ። አትክልተኞች ይህን ለማስቀረት የተመረጠውን ዛፍ ቅርንጫፍ በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ በማጣበቅ ያባዛሉ።

ሁለቱም በተፈጥሮ የሚገኙት በጠባብ ስፍራ ከሆነ፣ ስጋቱ ጥንቸሏ ላይ ብቻ የበረታው ለምንድን ነው?

ብዙ ሰው የቀይ መዝገብ እርከን የሚወሰነው በብዛት ወይም በስፋት ብቻ ይመስለዋል። መመዘኛዎቹ ግን አምስት ሲሆኑ፣ ስለ ስፍራ የሚናገረው መመዘኛም ቢሆን በስፋት ብቻ አይፈርድም። አንድ ዝርያ የሚገኝበት ክልል ከ5,000 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ወይም በትክክል የያዘው መሬት ከ500 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢያንስ «ለመጥፋት የተቃረበ» ለመባል በር ይከፈትለታል እንጂ ወዲያው አይገባም፤ ከሦስት ሁኔታዎች ቢያንስ ሁለቱ መሟላት አለባቸው። እነርሱም የመኖሪያው መቆራረጥ ወይም በጥቂት ቦታዎች መወሰን፣ ቀጣይነት ያለው ማሽቆልቆል፣ እና ከመጠን ያለፈ የቁጥር መዋዠቅ ናቸው። ሌላው መመዘኛ ደግሞ ስፍራን ትቶ የቁጥር መቀነስን ይመለከታል፤ በአሥር ዓመት ወይም በሦስት ትውልድ ውስጥ፣ ከሁለቱ በሚረዝመው ጊዜ፣ ግማሽ ያህሉ ያለቀ ዝርያ ክልሉ ሰፊም ቢሆን ለዚያ እርከን ሊበቃ ይችላል።

ጥንቸሏን በዚህ ዓይን ብናያት ከጥበቱ ይልቅ ቀሪዎቹ ሁኔታዎች ጎልተው ይታያሉ። ተራይ ለም መሬት ነው፤ ውኃ አለው፤ ሜዳ ስለሆነም ለማረስ ይመቻል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን የወባ በሽታ ሲቀንስ ሰፋሪዎች ወደዚያ ጎረፉ፤ ሣሩም ወደ ሩዝና ሸንኮራ አገዳ ማሳነት ተለወጠ። የቀሩት ቁራጮች እርስ በርስ የማይገናኙ ናቸው፤ በአንዱ ያሉት ጥንቸሎች ቢያልቁ ከሌላው መጥተው የሚተኳቸው አይኖሩም፤ በመካከል ያለውን የእርሻ መሬት መሻገር ለዚህች ተሸሻጊ እንስሳ ከባድ ነውና። ወንዝ ሲሞላ ዝቅተኛው ሣር ይጥለቀለቃል፤ የቤት ከብት ሲበዛ ሣሩ ይረገጣል፤ ውሻና አዳኝም በዚያው ላይ ይጨመራሉ።

ዛፉ የቆመበት መሬት ግን ለእርሻ እምብዛም የማያጓጓ አሸዋ ነው። ጥበቱ ተፈጥሯዊና የቆየ ሲሆን፣ ሰው ያመጣው መኮማተር አይደለም። የምዕራብ አውስትራሊያ መንግሥት የዕፅዋት ምደባም ዝርያውን ስጋት ከሌለባቸው ጋር አስፍሮታል። ሁለቱን በካርታ ላይ ብቻ የሚያይ ሰው ዛፉ ይበልጥ የሚያሳስብ ሊመስለው ይችላል፤ እንዲያውም ከሁለቱ ይበልጥ ጠባብ የሆነው የዛፉ የተፈጥሮ አገር ነው።

እሳት ሁለቱን እንዴት ይነካቸዋል?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ሰፊ መልስ የሚፈልገው ይህ ነው፤ ሁለቱ ዝርያዎች በእውነት ጎን ለጎን ሊቆሙ የሚችሉት እዚህ ላይ ነውና። ሁለቱም የሚኖሩት በተደጋጋሚ በሚቃጠል አገር ነው።

ዛፉን ብንወስድ፣ በዚህ የዛፍ ቡድን የተለመደው መከላከያ ሦስት ፈርጅ አለው። ወፍራሙ ቅርፊት ሙቀቱን ይመክታል፤ ከቅርፊቱ ሥርና ከግንዱ ግርጌ ባለው እባጭ ውስጥ የተኙት እምቡጦች ከቃጠሎ በኋላ ነቅተው አዲስ ቅርንጫፍ ያወጣሉ፤ ዘሩ ደግሞ እንደ ትንሽ እንስራ በሆነ ጠንካራ የእንጨት ፍሬ ውስጥ ተዘግቶ ይጠበቃል። ጥቁር ከሰል መስሎ የቆመ ግንድ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ለጋ ቅጠል ለብሶ መታየቱ በዚያ አገር የተለመደ ነገር ነው። እሳቱ በጣም ከተደጋገመ ለጋ ችግኞች ሥራቸውን ሳያጸኑ ስለሚያልቁ ይህ ችሎታ ገደብ አለው፤ ሆኖም ያደገ ዛፍ አንድ እሳት ስለነካው ብቻ አይሞትም።

በጥንቸሏ በኩል ነገሩ ውስብስብ ነው። ሣሩ ካልተነካ ቀስ በቀስ ቁጥቋጦ ይወርሰዋል፤ ከዚያም ደን ይሆናል፤ ደን ውስጥ ደግሞ እርሷ አትኖርም። ቀድሞ ሣሩ ሣር ሆኖ የቆየው ወንዞች አልጋቸውን እየለወጡ አዲስ ደለል በማንጠፋቸው፣ እንዲሁም በእሳት ነበር። ስለዚህ «እሳት ይቅር» ማለት መፍትሔ አይሆንም። ችግሩ ከእሳቱ ይልቅ በጊዜውና በስፋቱ ላይ ነው። ሣሩ በየዓመቱ በደረቁ ወራት፣ ከዲሴምበር ገደማ እስከ ኤፕሪል ባለው ጊዜ፣ ለቤት ክዳን ከታጨደ በኋላ ቀሪው ይቃጠላል፤ የፓርኮች ጠባቂዎችም ለሣር በል እንስሳት ለጋ ሣር እንዲበቅል ሲሉ ያቃጥላሉ። ለአጋዘንና ለአውራሪስ የሚመች ለጋ ሣር ግን ለጥንቸሏ መሸሸጊያ አይሆናትም። የመራቢያ ጊዜዋም ከዚሁ ወቅት ጋር ይገጥማል። አንድ ሜዳ በሁለት ቀን ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ሲነድ ጥንቸሎቹ በወንዝ ዳር ወደተረፈችው እርጥብ ጭረት ይሸሻሉ፤ ውሻ፣ አዳኝና አራዊትም እዚያው ይጠብቋቸዋል። ግልገሎች ደግሞ መሸሽም አይችሉም።

ተመራማሪዎች ለዓመታት ሲመክሩ የቆዩት ሜዳውን ከፋፍሎ በተራ ማቃጠልን ነው፤ አንዱ ክፍል ሲነድ ሌላው ረጅም ሣሩን ይዞ እንዲቆይ፣ ቃጠሎውም በደረቁ ወቅት መጀመሪያ ላይ እንዲሆን። ይህ ወጪው ከባድ ያልሆነ ነገር ግን ክትትልና ትዕግሥት የሚፈልግ ሥራ ነው፤ ማታ የለኮሱት እሳት ጠዋት ከታሰበበት መስመር አልፎ መገኘቱ የታወቀ ነውና። በእኛ ግምት የዚህችን ጥንቸል ዕጣ ይበልጥ የሚወስነው ሌላ አዲስ ሕግ መውጣቱ ሳይሆን ክብሪቱ መቼና የት እንደሚጫር ነው።

ጥንቸል በፍጥነት የሚራባ እንስሳ አይደለምን? ታዲያ እንዴት ይጠፋል?

ይህ ግምት የመጣው ከአውሮፓዊው ጥንቸል ታሪክ ነው። ቶማስ ኦስቲን በ1859 በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ጥቂት ጥንቸሎችን ለአደን ብሎ ከለቀቀ በኋላ ዘራቸው አህጉሩን አጥለቀለቀ፤ የምዕራብ አውስትራሊያ መንግሥት ከ1901 እስከ 1907 ባሠራው አጥር ሊያግዳቸው ሞከረ። የመጀመሪያው አጥር ብቻውን 1,833 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ጥንቸሎቹ ግን ገና ሥራው ሳያልቅ ተሻግረው ነበር። በ1950 ማይክሶማ የተባለው ቫይረስ እስኪለቀቅ ድረስ ቁጥራቸውን በእጅጉ የቀነሰ ነገር አልተገኘም። በዚያ አገር ጥንቸል ለጋ ችግኝ የሚግጥ ተባይ ሆኖ ስለሚታወቅ፣ «ስጋት ላይ ያለች ጥንቸል» የሚለው አነጋገር ለአንዳንዱ ሰው ቀልድ ይመስለዋል።

ፀጉረ ሻካራዋ ጥንቸል በዚህ ሚዛን አትመዘንም። ግልገሎቿ ጥቂት ናቸው፤ በአንድ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ገደማ። እንደ አውሮፓዊው ጥንቸል ጉድጓድ ቆፍራ በመንጋ አትኖርም፤ የምትጠለለው በሣር ሥር ወይም ሌላ እንስሳ በተወው ጉድጓድ ነው። ምግቧም መኖሪያዋም ያው ረጅም ሣር ነው። ያገኘውን ሁሉ በልቶ በማንኛውም መስክ የሚኖር እንስሳና ለአንድ ዓይነት ሣር የተሠራ እንስሳ፣ በአንድ አስተኔ ውስጥ ስለተመደቡ ብቻ አንድ ዓይነት ዕጣ አይጠብቃቸውም።

ዛፉ በየአገሩ እንደተተከለ ጥንቸሏንም በማርባት ማዳን አይቻልም?

ዛፉን ያስፋፋው ሦስት ነገር ነው፦ አበባው ያምራል፣ ቁመቱ ለጎዳና ይመጥናል፣ ዘሩ በደብዳቤ ፖስታ ሊላክ ይችላል። በካሊፎርኒያ ጠረፍ፣ በኒውዚላንድ፣ በደቡብ አፍሪካና በራሷ በአውስትራሊያ ምሥራቃዊ ከተሞች የቆመው ከዚህ የተነሣ ነው። ቅዝቃዜው ለዘብ ያለና ዝናቡ በቀዝቃዛው ወቅት የሚጥል የአየር ንብረት ይስማማዋል፤ ሞቃታማው ወቅት እርጥበታማ ለሆነ አገር ደግሞ ኮሪምቢያ ፕቲኮካርፓ ከተባለው የሰሜን ዘመዱ ጋር ተዳቅሎ የተገኙ ድቅሎች ይመረጣሉ።

ጥንቸሏ ከእነዚህ አንዱም የላትም። ስትያዝ በቀላሉ ትደነግጣለች፤ በእስር ማቆየቷም አስቸጋሪ ሆኖ ቆይቷል። የሣር ጎረቤቷ ድንኩ የዱር አሳማ በአንጻሩ በአሳም በተጠበቀ ማዕከል ተራብቶ ከ2008 ጀምሮ ወደ ዱር እየተመለሰ ነው። ይህ ተስፋ ሰጪ ተሞክሮ ቢሆንም አንድ ነገር አይካድም፤ አሳማውም ቢሆን የሚለቀቀው ረጅም ሣር ባለበት ነው። ሣር ከሌለ ተራብቶ የሚወጣው እንስሳ የሚመለስበት አይኖረውም። የአሳማውን ሜዳ ማዳን የጥንቸሏንም ሜዳ ማዳን በመሆኑ፣ ከብቻዋ ፕሮጀክት ይልቅ ይህ መንገድ የሚሻል ይመስላል።

ዛፉ በብዙ አገር ስለተተከለ ከመጥፋት ተረፈ ማለት ይቻላል?

ዝርያው እንደ ዝርያ ተርፏል፤ የዱሩ ሕዝብ ግን በዚያ አይተካም። በከተማ የሚተከሉት ዛፎች የተመረጡ ጥቂት ውብ ዛፎች ዘር ናቸው፤ በተለይ በማጣበቅ የሚባዙት በዘረ መል ደረጃ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ዱር ውስጥ ያለውን ልዩነት አይወክሉም። ከድቅሎቹ የሚገኘው ዘርም ንጹሑን ዝርያ አያስቀጥልም።

በትውልድ አገሩ ደግሞ የቅርብ ዘመዱ ኮሪምቢያ ካሎፊላ ጎረቤቱ ሲሆን ሁለቱ ይዳቀላሉ። በአበባ ከመለየት በዘር መለየት ይቀላል፦ የባለቀዩ አበባ ዘር ቀላ ያለ ቡናማና ክንፍ ያለው ሲሆን የካሎፊላ ዘር ትልቅ፣ ጥቁርና ክንፍ አልባ ነው። ሁለቱንም የሚያጠቃ፣ ኳምባላሪያ ኮይሬኩፕ በተባለ ፈንገስ የሚመጣ የግንድ ቁስል አለ፤ ቅርፊቱ እየተሰነጠቀ ሙጫ ያነባል፤ ቁስሉ ግንዱን ከዞረም ከዚያ በላይ ያለው ክፍል ይደርቃል። ጠባብ አገር ያለው ዝርያ ስጋት የሌለበት ቢባልም በሽታና የዝናብ መቀነስ ሲመጡ የሚሸሽበት ሌላ አገር እንደሌለው መርሳት አይገባም።

ጥንቸሏ ከባሕር ዛፍ ጋር በምንም መንገድ ትገናኛለች?

ከዚህኛው ዝርያ ጋር አትገናኝም፤ በመካከላቸው ውቅያኖስ አለ። በጥቅሉ ግን ጥያቄው መልካም ነው። በተራይ ሜዳ ፈጣን ዕድገት ያላቸው የባሕር ዛፍ ዝርያዎች ለእንጨት በስፋት ተተክለዋል፤ ሣር «ባዶ መሬት» ተደርጎ በሚታይበት ቦታ ሁሉ ዛፍ መትከል እንደ በጎ ሥራ ይቆጠራልና። ለፀጉረ ሻካራዋ ጥንቸል ግን በሣር ሜዳ ላይ የተተከለ ዛፍ፣ አገር በቀልም ይሁን ከውጭ የመጣ፣ መኖሪያን መንጠቅ ነው። ስለዚህ የትኛው መሬት ዛፍ፣ የትኛው ደግሞ ሣር መሆን እንዳለበት ከችግኙ በፊት መወሰን ይኖርበታል። በዚህ ነጥብ ላይ ብዙ የችግኝ ተከላ ዘመቻ ያለ ጥናት ስለሚጀመር ማንሣቱ ተገቢ ነው።

በሣር ውስጥ የተሸሸገች ጥንቸል መኖሯ እንዴት ይታወቃል?

ዛፍ ቆጣሪ አንድ ጊዜ ካየ በካርታው ላይ ነጥብ አስቀምጦ ይሄዳል፤ ዛፉ በሚቀጥለው ዓመትም እዚያው ይጠብቀዋል። ጥንቸሏን ግን በዓይን ማየት ብርቅ ነው፤ ከፍተኛ ባለሙያዎችም ሳያዩዋት ወራት ያሳልፋሉ። በመሆኑም የሚፈለገው በጠጧ ነው። ቆጣሪዎች በሣሩ ውስጥ የተወሰነ ስፋት ያላቸው አራት ማዕዘኖች እየከለሉ በጉልበታቸው ተንበርክከው የሣሩን ሥር ይገልጣሉ፤ የሚያገኙት ክብና ጠፍጠፍ ያለ፣ ሲሰበር የሣር ጭረት የሞላበት በጠጥ ነው። አጠገቡ ብዙ ጊዜ ግርጌው ላይ የተነከሰ የሣር አገዳ ይገኛል፤ ጥንቸሏ የውጩን ልጣጭ ገፍፋ ለስላሳውን ውስጠኛ ክፍል ትበላለችና።

በዚህ ዘዴ የሚገኘው ቁጥር ስለ ጥንቸሎቹ ብዛት በቀጥታ አይናገርም፤ በጠጥ በዝናብ ይታጠባል፣ በእሳት ይቃጠላል፣ በደረቅ ቦታ ግን ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ በሁለት ዓመታት መካከል ንጽጽር የሚደረገው ቆጠራው በአንድ ወቅት፣ በተለይም ከቃጠሎ በፊት ከተካሄደ ብቻ ነው። በሣሩ ውስጥ የሚተከሉ፣ እንቅስቃሴ ሲሰማቸው ፎቶ የሚያነሡ ካሜራዎችም ይረዳሉ። በቺትዋን ብሔራዊ ፓርክ ከ1984 ወዲህ ጥንቸሏ ሳትታይ ቆይታ በ2016 ፎቶዋ ሲነሣ፣ የጠፋች የመሰለችበት ሜዳ ሦስት አሥርት ዓመታት ሙሉ በጠባቂዎች እጅ ነበር። ከዚህ የተነሣ በአንድ ሜዳ ላይ ምልክት አልተገኘም ተብሎ ሜዳው ለሌላ አገልግሎት ከመሰጠቱ በፊት፣ ፍለጋው ከአንድ በላይ በሆኑ ደረቅ ወቅቶች መደገሙን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።